ፊደሉ ይዞት የሚዞረው ፕሮግራም

ከጉርድ ሾላ የቀላል ባቡር ጣቢያ ወርዶ አስፋልቱን ለተሻገረ ሰው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለች። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር፤ ከበሩ የማይጠፉ ሦስት አራት ተረኞች። "መገናኛ! መገናኛ!" የሚሉት የታክሲ ረዳቶች ድምፅ እስከ ውስጥ ይሰማል። አንድ ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ የሚመስሉ ሰው ፍላሽ ይዘው ገቡ። ለወረዳው የሚያስገቡት ማመልከቻ ነው፤ ልጃቸው ከዓመታት በፊት የጻፈላቸውን ቀኑን ብቻ አስቀይረው ሊያሳትሙ ፈልገዋል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ስትከፍተው ስክሪኑን የላቲን ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር ተደበላልቆ ሞላው።

"ጋሼ፣ ይሄ በድሮ ፎንት ነው የተጻፈው። እኛ ጋ ደግሞ የለም።"

"እቤት ስንከፍተው እኮ ቁልጭ ብሎ ነው የሚነበበው፣ ልጄ።"

"እዚያ ፎንቱ ተጭኖ ነዋ! በፒዲኤፍ የተቀመጠ የለዎትም?"

ነበራቸው፤ በዚያው ስም፣ በዚያው ፍላሽ ውስጥ። ስትከፍተው ማመልከቻው ከነፊርማ መስመሩ ወጣ፤ አንድም ፊደል አልተዛባም። ቀኑን በእስክሪብቶ ሊያስተካክሉት ተስማሙ፤ ሁለት ኮፒ ወሰዱና ከፍለው ሄዱ።

ኮምፒውተሩ ያው ነው፤ የሌለው ፎንትም እንደሌለ ነው። ታዲያ አንዱ ፋይል ተበላሽቶ ሌላው እንዴት በደህና ተከፈተ? ጸሐፊዋ መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች፤ "ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞ ነው የሚመጣው።" ልክ ናት። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ፎንቱ ራሱ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። በፎንቱ ሆድ ውስጥ፣ ከፊደሎቹ ሥዕል ጎን፣ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን በሚከፍተው ሶፍትዌር ውስጥ ደግሞ ያንን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ እያነበበ የሚያስፈጽም ትንሽ ማሽን ተካቷል። አማርኛ ከስክሪን ላይ የሚያነብ ሰው ይህን ማሽን ሳያውቀው ሲያሠራው ይውላል። ሊታወቅ ይገባዋል የምለው፣ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ ገና ያልተፈታ አንድ ትልቅ ችግር ስላለበትና መፍቻውም በዚሁ መንገድ ሊመጣ ስለሚችል ነው።

አሥራ ስድስት ፒክስል

ነገሩ የተጀመረው አፕል ኩባንያ ውስጥ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1980ዎቹ መጨረሻ የፊደል ቴክኖሎጂውን ገበያ አዶቤ ይዞት ነበር። አፕል ከዚያ ጥገኝነት ለመውጣት ሳምፖ ካሲላ በሚባል መሐንዲስ መሪነት ትሩታይፕን ሠራ። ትሩታይፕ በ1991 ከማኪንቶሽ ሲስተም 7 ጋር ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 3.1 ውስጥ አስገባው። የአዶቤ አሠራር ብልሃቱን የሚያስቀምጠው ፊደሉን በሚስለው ሶፍትዌር ውስጥ ነበር። ካሲላና ባልደረቦቹ ብልሃቱን ወደ ፎንቱ አዛወሩት፤ እያንዳንዱ ፊደል እንዴት መሳል እንዳለበት የራሱን ትእዛዝ ይዞ እንዲሄድ አደረጉ።

ለምን ትእዛዝ አስፈለገ? በፎንት ውስጥ አንድ ፊደል የሚቀመጠው በነጥቦችና በነጥቦቹ መካከል በሚያልፉ ኩርባዎች ነው። ነጥቦቹ የሚሰፍሩበት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ቁመቱ 2,048 ክፍል አለው። ፊደሉ በ12 ነጥብ መጠን፣ በኢንች 96 ፒክስል ባለው የተለመደ ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን የሚሰጠው ቁመት 16 ፒክስል ብቻ ነው። 128ቱ ክፍል በአንድ ፒክስል ውስጥ መታጨቅ አለበት። ውፍረቱ 90 ክፍል የሆነ ጭረት ሙሉ ፒክስል አይሞላም፤ ወይ ይደበዝዛል፣ ወይ ይጠፋል።

ለላቲን ፊደል ይህ ውበት ይቀንሳል። ለእኛ ንባቡን ያበላሻል። ቡ እና ቢን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት አጭር አግድም ጭረት ናት፤ በቡ ላይ ከቀኝ እግሩ ወገብ ትወጣለች፣ በቢ ላይ ከእግሩ ጫፍ። በአሥራ ስድስት ፒክስል ቁመት በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ፒክስል ነው፤ ጭረቷ በማጠጋጋት ስሕተት ወደ ታች ከወረደች ቡ ቢን ይመስላል። ቤ ደግሞ ከእግሩ ጫፍ ትንሽ ቀለበት አለው፤ የቀለበቱ ቀዳዳ ከአንድ ፒክስል ካነሰ ይደፈንና ከቢ ጭረት ጋር ይመሳሰላል። እነ ጩ፣ ጪ፣ ጬ ሦስት እግር ይዘው በዚያችው ጠባብ ስፍራ ሲጨናነቁ የባሰ ነው። በድሮ ስክሪን ላይ ጽሑፉን አጉልተን፣ ዓይናችንን አጥብበን እናነብ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ትእዛዞቹ የሚሠሩት ነጥቦቹን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ጭረቱ ፒክስሉን እንዲሞላ፣ ቀዳዳው እንዲተርፍ፣ የፊደሎቹ ራስና እግር በአንድ መስመር እንዲውል ማድረግ ነው። የሚቀመጡትም በሦስት ቦታ ነው። አንዱ ፎንቱ ሲጫን አንድ ጊዜ ይሠራና ለሌሎቹ የሚያገለግሉ ተግባራትን ያዘጋጃል። ሁለተኛው መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ይሠራል። ሦስተኛው የየፊደሉ የግል ፕሮግራም ነው። ሁሉም የተጻፉት በባይትኮድ ነው። ባይትኮድ ስንል ለኢንቴልም ሆነ ለኤአርኤም ፕሮሰሰር ያልተጻፈ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ባይት የሆነ፣ አስፈጻሚው ማሽን እስካለ ድረስ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጥ ቅደም ተከተል ነው።

ማሽኑ ቁጥሮችን የሚይዘው በስታክ ነው፤ ከምጣድ እየወጣ እንደሚደረደር እንጀራ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል። ከቡ ፕሮግራም አንዲት ቅንጣት ብንወስድ እንዲህ ትሄዳለች። "ነጥብ 14" ስታኩ ላይ ይቀመጣል። ከላዩ "ልኬት 3" ይደረጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ መጀመሪያ ልኬቱን፣ ከዚያ ነጥቡን ያነሣል፤ ከፎንቱ የልኬት ሰንጠረዥ ውስጥ ሦስተኛውን፣ የጭረቱን ውፍረት፣ ይፈልጋል፤ ወደ ሙሉ ፒክስል ያጠጋጋዋል፤ አሥራ አራተኛውን ነጥብ ከመጣቀሻው ነጥብ በዚያ ልክ ያርቀዋል። ሒሳቡ የሚሠራው በአንድ ስልሳ አራተኛ ፒክስል ትክክለኛነት ነው። ጭረቷ አሁን አንድ ሙሉ ፒክስል ወፍራም ሆነች፤ ቦታዋንም አልለቀቀችም። ይህን የመሰለ ሥራ በአንድ ገጽ ላይ በየፊደሉ ብዙ ጊዜ ይደገማል።

በዚያ ትንሽ ማሽን ውስጥ "ይህ ከሆነ" የሚል ትእዛዝ አለ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መድገም አለ፤ ተግባር ሰይሞ መጥራት አለ። ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። ፍሪታይፕ በሚባለው ነፃ የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው አስፈጻሚ አንድ ፎንት ከአንድ ሚሊዮን ትእዛዝ በላይ እንዳያስኬድ ልጓም የተበጀለት፣ መጨረሻ የሌለው ዙር የያዘ ፎንት ፕሮግራሙን እንዳያንቀው ነው።

አብሮ የሚሞትና የማይሞት ሶፍትዌር

የሰውየው ማመልከቻ ለምን እንደተዛባ ለመረዳት ወደ 1980ዎቹና 1990ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት በአብዛኛው በሀገር ውስጥም በውጭም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በግላቸው ወጪ፣ በሌሊት ሥራ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን፣ ጋዜጣውንና ማተሚያ ቤቱን ተሸክመው ኖረዋል። ችግሩ የነበረው ቦታ ነው። በዘመኑ ፎንት 256 መቀመጫ ብቻ ነበረው፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ በራሱ ድልድል አሰፈረ። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ብቅ ይላል። ጸሐፊዋ ስክሪን ላይ ያየነው እሱን ነው።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ቦታ ሲሰጥ ይህ ዘመን ማብቃት ጀመረ። ዊንዶውስ ቪስታ ናያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ አማርኛ ምንም ነገር ሳይጫን በሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ተነበበ። እነዚያ የቀድሞዎቹ ሶፍትዌሮች ግን አብዛኞቹ ከኦፕሬቲንግ ሲስተማቸው ጋር ተያይዘው ቀሩ። ብልሃታቸው ሁሉ፣ የቁልፍ አመታቱም የፊደል አቀማመጡም፣ ለአንድ የዊንዶውስ ዓይነት የተጻፈ ነበር። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ፤ የዚያን ያህል ድካም ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ መሻገር ባለመቻሉ ብቻ ባክኗል። የፎንቶቹ ባይትኮድ ግን ተርፏል። በ1995 የተሠራ የአማርኛ ፎንት ዛሬ በስልክ ላይ ቢጫን ትእዛዞቹ ሊሠሩ ይችላሉ፤ የስልኩ ፕሮሰሰር በዚያን ጊዜ አልተወለደም፣ ማሽኑ ግን በውስጡ አለ።

ማሽኑን ወደ ሁሉም ቦታ ያደረሰው ፍሪታይፕ ነው። ዴቪድ ተርነር በ1996 ጀመረው፤ ዛሬ አንድሮይድና ሊኑክስ ይጠቀሙበታል። ብዙ ዓመት ግን ባይትኮድ አስፈጻሚው ተዘግቶ ይወጣ ነበር፤ አፕል በላዩ የፈጠራ መብት ነበረውና። መብቱ በግንቦት 2010 አበቃ፤ በሐምሌ የወጣው ፍሪታይፕ 2.4 አስፈጻሚውን ከፍቶ መጣ። በመካከል የነበረው ክፍተት አንድ ጥሩ ነገር አስገኘ፤ የፕሮጀክቱ ሰዎች የፊደሉን ቅርጽ ራሱ መርምሮ የሚያስተካክል ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። ይህ ዘዴ በኋላ ግዕዝንም እንዲያውቅ ተደርጓል። የፊደላችን ራስ በየት ከፍታ ላይ እንደሚያርፍ የሚለካው በስምንት ፊደላት ነው፤ ሀ፣ ሃ፣ ዘ፣ ፐ፣ ማ፣ በ፣ ዋ፣ ዐ። እነዚህ ስምንቱ በፍሪታይፕ የምንጭ ኮድ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ዛሬ ስክሪኖች ጥራታቸው ጨምሯል፤ አፕል የፎንት ትእዛዞችን በኮምፒውተሮቹ ላይ ትቷቸዋል፤ ፍሪታይፕም ወደ ጎን የሚያንቀሳቅሱትን አብዛኞቹን ይዘላቸዋል። ቡ እና ቢን ለመለየት የነበረው ጭንቀት በአዲስ ስልክ ላይ ረግቧል። የማሽኑ ጥያቄ ግን ወደ ሌላ ቦታ ተሸጋገረ።

ከውጭ የመጣ ትእዛዝ

በመተግበሪያ ውስጥ አስፈጻሚ ማካተት ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ በራስ ቤት ማስኬድ ነው። በመስከረም 2011 ቡዳፔስት የሚገኝ ክሪሲስ የተባለ ላቦራቶሪ ዱኩ የሚባል ሰላይ ሶፍትዌር አገኘ። ዱኩ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በወርድ ፋይል ነበር፤ በፋይሉ ውስጥ ፎንት ተካቶ ነበር። ዊንዶውስ በዚያ ዘመን የትሩታይፕ ሥራውን የሚያስኬደው በከርነሉ፣ ሁሉም ሥልጣን በተሰበሰበበት ማዕከል ውስጥ ነው። ለሰነዱ ተብሎ የተበጀው ፎንት በሥራው ላይ የነበረ አንድ ጉድለት ተጠቅሞ ከተፈቀደለት ሜሞሪ ወጣ፤ ኮምፒውተሩ ተያዘ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን በታኅሣሥ ደፈነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የአይፎንን መቆለፊያ የሚሰብር አንድ ድረ ገጽ ወጥቶ ነበር፤ በር የሆነው እዚያም የፊደል ትእዛዝ የሚያስፈጽም ክፍል ነው፣ በፍሪታይፕ ውስጥ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የንድፍ ለውጥ ነው። ዊንዶውስ 10 የፎንቱን ሥራ ከከርነል አውጥቶ ሥልጣን በሌለው የተለየ ሂደት ውስጥ አስገባው። ጉግል በ2025 በክሮም ውስጥ ለድረ ገጽ ፎንቶች ፍሪታይፕን ትቶ ረስት በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አዲስ ሞተር ማስገባቱን አስታወቀ። የሌላው ማሰሻ፣ የፋየርፎክስ፣ መንገድ ከሁሉም ይለያል፤ ለእኛም ቅርብ ነው።

ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ብዙም ትኩረት ላላገኙ ቋንቋዎች ፊደል በመሥራት ይታወቃል። ኦፕንታይፕ የሚባለው የተለመደው አሠራር ለአንዳንድ ፊደላት አልበቃ ሲለው ግራፋይትን ፈጠረ። ኦፕንታይፕ በመሠረቱ ሰንጠረዥ ነው፤ "ይህ ፊደል ከዚያ ጋር ሲመጣ በዚህ ተካ" ይላል። ግራፋይት ግን ሕጎቹን ወደ ባይትኮድ ቀይሮ በፎንቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አስፈጻሚውን በውስጣቸው አካተቱ። በብራና ጽሕፈት ወግ የተሠራው አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፎንት ሁለቱንም ይዞ ወጥቷል። በ2016 መጀመሪያ ግን የሲስኮ ተመራማሪዎች በግራፋይት አስፈጻሚ ውስጥ አደገኛ ጉድለቶች አገኙ፤ ፋየርፎክስም ለጊዜው ዘጋው።

መውጫው ዌብአሴምብሊ ሆነ። ዌብአሴምብሊ በ2015 የታወጀ፣ በ2017 በአራቱ ታላላቅ የድረ ገጽ ማሰሻዎች ውስጥ የገባ ባይትኮድ ነው። ከትሩታይፕ የሚለይበት ነገር ጥበቃው በጸሐፊው ጥንቃቄ ላይ የተንጠለጠለ አለመሆኑ ነው። ሞጁሉ ከመሥራቱ በፊት ይመረመራል። የሚሰጠው ሜሞሪ 64 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች የተለካ፣ አጥር ያለው ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ፋይል አያይም፣ ኢንተርኔት አያውቅም፣ ሰዓት እንኳ አያነብም፤ አስተናጋጁ መተግበሪያ በስም ጠርቶ ካልሰጠው በቀር። የፋየርፎክስ መሐንዲሶች ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ግራፋይትን በሙሉ ወደ ዌብአሴምብሊ ቀየሩት፤ ከዚያም ያንን ወደ ተራ ኮድ መልሰው በፋየርፎክስ ውስጥ ከነአጥሩ አኖሩት። በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የታጠረው ግራፋይት ነው፣ በ2020። በታኅሣሥ 2021 የወጣው ፋየርፎክስ 95 አጥሩን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ዘረጋው።

ምልክቱ የት ይወድቃል?

ከሰዓት በኋላ በዚያችው የኮፒ ቤት አንድ ወጣት ዲያቆን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ከድጓ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ የተቀዳ ነው፤ ቃሉ በጥቁር፣ በየቃሉ ራስ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ምልክቶች። ለተማሪዎች የሚባዛ ስለሆነ በኮምፒውተር እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ጸሐፊዋ ቃሉን ፈጥና ጻፈችው። ምልክቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከፎንቱ ውስጥ "ይዘት" የሚባለውን ምልክት ፈልጋ አገኘችው፤ አስገባችው፤ ምልክቱ ከፊደሉ ቀጥሎ እንደ ሌላ ፊደል ተቀመጠ።

"ዲያቆን፣ ወደ ላይ እንቢ አለኝ። ጎኑ ላይ ይሁን?"

"ጎኑ ላይ ከሆነማ አይሆንም፣ እህቴ። የትኛው ፊደል ላይ እንደሚወድቅ ካልታወቀ ዜማው ይበላሻል።"

በወርድ የጽሑፍ ሣጥን እየፈጠረች አንድ ሁለቱን ከፊደሉ በላይ ለጠፈችው። ቃሉን ትንሽ ስትነካው ሣጥኖቹ ባሉበት ቀርተው መስመሩ ሸሸ። በመጨረሻ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ትታ አተመችለት፤ ምልክቱን እሱ በእጁ ሊጽፍ።

የልጅቷ ጥፋት አይደለም፤ የሶፍትዌሩም ብልሽት አይደለም። የዜማ ምልክቶች በዩኒኮድ 4.1 በ2005 ገብተዋል፤ አሥር ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። የተመዘገቡት ግን ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው፤ እንደ ፈረንሳይኛ አክሰንት ከፊተኛው ፊደል ራስ ላይ እንዲወጡ የሚያዝ ባሕርይ አልተሰጣቸውም። ከእነሱ በተጨማሪ በድጓው ላይ ከቃላት የተቀነጨቡ ትንንሽ ፊደላት አሉ፤ እነሱም በመስመሩ ራስ ላይ ይሰፍራሉ፣ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሆነው። ትውፊቱ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ምልክቱን ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ከጉርድ ሾላ ቀና ብሎ የየካንና የእንጦጦን ጋራ ለሚያይ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ በእነዚያ ጋራዎች ላይና ሥር ባሉት ደብሮች ዛሬም ማኅሌቱ የሚቆመው በዚህ ዜማ ነው። ድጓውም ዛሬም ድረስ በእጅ ይጻፋል፤ ወይም የተጻፈው ፎቶ ተነሥቶ ይታተማል። ሊፈለግበት፣ ሊታረምበት፣ ሊነጻጸርበት አይቻልም።

ይህን በሰንጠረዥ መፍታት ይቸግራል። ምልክቱ የት እንደሚያርፍ የሚወሰነው በፊደሉ ቁመት፣ በአጠገቡ ባሉት ምልክቶች ስፋትና በቃሉ ርዝመት ነው፤ ቦታ ሲጠብ ቃሉ ራሱ መከፈት አለበት። ይህ ስሌት ነው፣ ስሌት ደግሞ ፕሮግራም ይፈልጋል።

በ2023 የወጣው ሀርፍባዝ 8.0 ለዚህ የሚሆን በር ከፍቷል። ሀርፍባዝ ፊደሎችን ቅደም ተከተላቸውንና ቦታቸውን የሚያስይዝ ሞተር ነው፤ አንድሮይድ፣ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ ይጠቀሙበታል። በዚያ ዕትም መሪው ቤህዳድ እስፋህቦድና ባልደረቦቹ በሙከራ ደረጃ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ፎንቱ በውስጡ የዌብአሴምብሊ ሞጁል ከያዘ ሀርፍባዝ ያንን ያስኬዳል። ለማስኬድ ዋመር የተባለውን፣ ለትንንሽ መሣሪያዎች ታስቦ የተሠራ የዌብአሴምብሊ አስፈጻሚ በውስጡ ያካትታል። ሀርፍባዝ የፊደሎቹን ረድፍ ይሰጣል፤ ሞጁሉ የፊደሎቹን ስፋትና ቅርጽ ይጠይቃል፣ ያሰላል፣ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚቀመጥ ጽፎ ይመልሳል። የዜማው ሕግ በፎንቱ ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። ማይክሮሶፍትን ወይም አዶቤን ለምኖ ማሳመን አያስፈልግም፤ ለአንድ ዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የዜማ ሶፍትዌር ጽፎ ከዓመታት በኋላ አብሮት ሲሞት ማየትም አይቀጥልም።

ይህ ክፍል ዛሬ ተዘግቶ ነው የሚወጣው፤ ሀርፍባዝን ራሱ የሚገነባ ሰው መርጦ ካልከፈተው አይሠራም። ጥንቃቄው ከምን እንደመጣ የሚያሳይ ነገር በ2024 ታይቷል፤ አንድ ፕሮግራመር ትንሽ የቋንቋ ሞዴል በፎንት ውስጥ አስገብቶ፣ ተጠቃሚው ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ቃለ አጋኖ ሲደጋግም ፎንቱ ራሱ ተረት መጻፍ እንዲጀምር አደረገ። ፎንት ያንን ያህል ሥልጣን ሲኖረው የዓለም ማሰሻዎች ቢያመነቱ አይገርምም። እኔ ግን ማመንታቱ እኛን ሊያቆመን አይገባም እላለሁ፤ ምክንያቱም የራሱን መተግበሪያ ለሚሠራ ሰው በሩ ዛሬ ክፍት ነው።

የዜማ ማስተማሪያ ወይም የድጓ ማዘጋጃ መሥራት የሚፈልግ አዲስ አበባ ያለ ቡድን ሀርፍባዝን በነፃ ያገኛል፤ ዋመርንም እንዲሁ። ሁለቱን ከመተግበሪያው ጋር ያዋህዳል፣ ፎንቱን አብሮ ያሽጋል። በጥንቃቄ መወሰን ያለበት ለሞጁሉ የሚሰጠው ነገር ነው። ለፊደል ሥራ የፊደሉን ቅርጽና የረድፉን ይዘት ማየት ይበቃዋል፤ ፋይል፣ ሰዓት፣ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? ያልተሰጠውን ሊሰርቅ አይችልም። የሜሞሪውን ጣሪያ ማበጀት ያሻል፤ የትእዛዙንም ብዛት፣ ፍሪታይፕ ሚሊዮን ላይ እንዳቆመው። ሞጁሉ የሚጠራቸው የተግባራት ስሞች ደግሞ አንዴ ከወጡ በኋላ መቀየር የለባቸውም፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ያ ፎንት በማናውቀው ስልክ ላይ ሲከፈት የሚፈልጋቸው እነሱን ነውና። ፍጥነቱ ያሳስባል ለሚለኝ፣ አንድ የድጓ ገጽ ስንት ፊደል አለው? ለዛሬ ስልክ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም።

አስፈጻሚ ማካተት የሀብታም አገር ሥራ ብቻ እንዳይመስለን የሉዋ ታሪክ ይጠቅማል። ሉዋ በ1993 ሪዮ ዴ ጃኔሮ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ብራዚላውያን የፈጠሩት ትንሽ ቋንቋ ነው። ብራዚል በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ምርት ከውጭ እንዳይገባ የምታጥር አገር ነበረች፤ የነዳጅ ኩባንያው ፔትሮብራስ መሐንዲሶች የሚፈልጉትን እዚያው መሥራት ነበረባቸው። ሌላ ፕሮግራም ውስጥ እንዲካተት ተብሎ ስለተሠራ ዛሬ በኮምፒውተር ጨዋታዎች፣ በዳታቤዞች፣ የአማርኛውን ጨምሮ በውክፔዲያ ገጾች ውስጥ የሉዋ ባይትኮድ ይሠራል።

ሞተሩ ተገኝቷል፤ የጎደለው ሕጉ ነው። ድፋት ከረጅም ፊደል ራስ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል ይርቃል? ሁለት ምልክት በአንድ ፊደል ላይ ሲገናኙ የትኛው ይቀድማል? ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥ ምልክቱ ከየትኛው ጋር ይሄዳል? መልሱ በቁም ጸሐፊዎች እጅና በመምህራን አፍ ነው ያለው፤ በየትኛውም የምንጭ ኮድ ውስጥ የለም። ከድጓው፣ ከጾመ ድጓው፣ ከዝማሬውና ከመዋሥዕቱ ገጽ በገጽ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ምልክት የት እንደወደቀ ከነምክንያቱ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ለዚያ ሥራ አንድ የዜማ ሊቅ፣ አንድ የፊደል ቀራጭና አንድ ፕሮግራመር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ መጀመር ይችላሉ።